ጨዋታ አስተላላፊው የቡናን ልጆች ስም አይጠራም፤ ለአባቴ ምን ላድርግ?

ቡናማው ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ነን፤ እኔ ከእሳቸው ነው የወረስኩት። ድሮ ቤታችን ለገሃር አካባቢ ነበር። ጎል ሲገባ የስታዲየሙ ጩኸት ግቢያችን ድረስ ይሰማል። አባዬ ቡና ካለ ከስታዲየሙ ሚስማር ተራ አይጠፉም ነበር። እኔንም መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ አድርገው ነው ያስገቡኝ። በ2003 የሊጉን ዋንጫ ስንወስድ ስካርፋቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

አሁን አባዬ አያዩም። የዓይን ግፊት ነው። መጀመሪያ ከጎን ያለው ጠፋባቸው፣ እያደር መሃሉም ጨለመ። አጥቂያችን አቡበከር ናስር በ2013 በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል ሲያገባ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግተው፣ ብዥ እያለባቸውም ቢሆን ያዩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቡና በጆሯቸው ብቻ ነው የሚያውቁት።

ጨዋታው ደግሞ ደጃችን መምጣቱን ከተወ ቆየ። ክለቦቹ አንዴ አዳማ፣ አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ ድሬዳዋ እየተሰበሰቡ ሲጫወቱ ነው የከረሙት። ስለዚህ ለአባዬ ጨዋታው ማለት አስተላላፊው ማለት ነው። እሱ ያልተናገረው ነገር አልተደረገም።

አንድ አስተላላፊ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ለማሳጣት አልመጣሁም። ባለፈው የገጠምነውንም ክለብ አልጠራም፤ ብጠራው ወሬው ወደ ስድብ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ኳስ ሲይዙ ድምፁ ይነሳል። ስም ከነአባት ይጠራል። ልጁ የት እንዳደገ፣ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ፣ አምና የት እንደነበረ ሁሉ ይነግረናል። እኛ ስንይዝ ግን “ቡናዎች... አሁንም ቡናዎች... ሞከሩ፣ ወደ ውጭ።” አለቀ።

አባዬ ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ።

“ማነው የሞከረው?”

እነግራቸዋለሁ።

“በግራ ነው በቀኝ?”

እነግራቸዋለሁ።

“ለጥቂት ነው ወይስ ሰማይ ነው የሰደደው?”

እሱን እስክመልስ ኳሱ ሌላ ቦታ ደርሷል።

ጨዋታው ሲያልቅ “ቡና ዛሬ አልተጫወተም አይደል?” አሉኝ። እኮ ተጫውቷል! በደንብ ነው የተጫወትነው። ተሸነፍን፣ እሺ። ግን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሱን ከራሳችን ሳጥን ጀምረን በአጭር በአጭር አውጥተን እነሱ በር ድረስ ያደረስንባት አንድ አጨዋወት ነበረች፤ እኔ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። አባዬ ያንን አልሰሙትም። “ቡናዎች” የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የሰሙት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በስሜት እንዳልናገር ብዬ ቆጥሬያለሁ። የቀለምና የስቱኮ ሒሳብ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች በጭረት መዘገብኩ። የእነሱ ተጫዋቾች በስም 58 ጊዜ ተጠሩ። የእኛ 21 ጊዜ። “ቡናዎች” ወይም “የቡና ተጫዋች” ብቻ ተብሎ የታለፈው 17 ነው።

ይኼ አድልዎ አይደለም ትላላችሁ? ቅሬታ አቅርቦ ሰሚ ያገኘ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገ ይንገረኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአባዬ ምን ላድርግ?

---

ፈረሰኛው ከገላን

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለአባትህ እግዜር ይማርልህ። እኔ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ፤ እንደ ባላንጣ አትየኝ።

ስሙን ባትጠራውም ሰውዬውን ያወቅኩት ይመስለኛል። እኛ ሰፈር ኳስ የምናይበት ቤት ውስጥ ስለዚሁ ሰው ምን እንደሚባል ልንገርህ? ለቡና ያዳላል ነው የሚባለው። በሸገር ደርቢ፣ ቡናና ጊዮርጊስ ሲጫወቱ፣ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ “ቡና ኳሷን በሚያምር ሁኔታ እያንሸራሸረ ነው” ብሎ ቤቱ ሙሉ ጮኸበት። አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጥተው ሄዱ። እኔም በዚያን ቀን ካንተ ባልተናነሰ ተናድጄ ነበር። እና አሁን ያንተን ሳነብ ግራ ገባኝ። ሁለታችንም ልክ ልንሆን አንችልም።

ስለ ቆጠራህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ኳሱ ማን ጋር ነበር? እነሱ እየመሩ እናንተን ወደ ኋላ ገፍተዋችሁ ከነበረ፣ የእነሱ ስም መብዛቱ ያለ ነው። ቡና ኳስ ሲይዝ ብቻ ያለውን ለይተህ ብትቆጥረው ነው የሚያሳምነኝ።

ለአባትህ ግን ሰውዬው ይወቀስ አይወቀስ፣ የሆነ ነገር መደረግ አለበት። እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

---

ዝም_አልልም

ሁሉም ያው ናቸው። ድምፁን አጥፍተህ እይ። እኔ ከተውኩት ሁለት ዓመቴ፣ ሰላም ነኝ።

---

መምህርቷ ከለገጣፎ

ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ የቡና ደጋፊ ስለሆነ ይህ ክርክር ቤቴ ውስጥ አለ። ገላን ያለው ወንድማችን ያነሳው ነገር እኛ ሙያ ውስጥ በጣም የታወቀ ነው። መነሻውም ኳስ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ኳስ ቢሆንም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የሚባሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተጫወቱ። ጨዋታው ሻካራ ነበር። የፕሪንስተን ኮከብ አፍንጫው ተሰበረ፣ ከዳርትማውዝ ደግሞ የአንዱ እግር ተሰበረ። ፕሪንስተን አሸነፈ። ከዚያ ለሳምንታት የሁለቱም ትምህርት ቤት ሰዎች ሲካሰሱ ከረሙ። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሐስቶርፍና ካንትሪል፣ የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳይተው “ያያችሁትን ጥፋት መዝግቡ” አሏቸው። ፊልሙ አንድ ነው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ላይ ያዩት ጥፋት፣ የዳርትማውዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ላይ ካዩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ያየውን ነው የጻፈው። ውጤቱ በ1954 ታትሞ እስከ ዛሬ እናስተምረዋለን።

ይህን የምለው “አንተ ነህ ያዳላኸው” ለማለት አይደለም። ጭረት እየጫርክ የቆጠርከው ከብዙ ሰው ይሻላል። ግን ስም ሲጠራና ሳይጠራ እኩል ሰምተሃል ወይ? የኛ ስም ሲታለፍ ያማል፣ ስለዚህ ይመዘገባል። የነሱ ስም ሲታለፍ ጆሮ አይቆምም።

ድምፁን አጥፋ ላልከው ወንድም ደግሞ፣ ምክርህ መሠረት አለው። እንግሊዝ አገር 40 ዳኞች የአንድ ጨዋታ ቪዲዮ እያዩ እንዲፈርዱ ተደርጎ ነበር። ከፊሎቹ ከነተመልካቹ ጩኸት አዩት፣ ከፊሎቹ ያለ ድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የፈረዱት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። ጆሮ ዓይንን ይመራል። በሙያው የሰለጠነውን ዳኛ እንኳ ከመራ፣ እኛን አስተላላፊው ወዴት እንደሚወስደን አስቡት።

---

ቡናማው ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ድምፁን አጥፋ ላልከኝ፦ ለአባዬ ድምፁን አጥፋ ማለት ቴሌቪዥኑን አጥፋ ማለት ነው። አንተ ሜዳውን ታያለህ። እሳቸው ምን ይቀራቸዋል?

ገላን ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ማክሰኞ ማታ ጨዋታው በድጋሚ ሲተላለፍ እንዳልከው አደረግኩ። መምህርቷ የተናገሩትንም ሰምቼ፣ የታችኛውን ፎቅ ጎረቤቴን ጠርቼ አብሮኝ ቆጠረ። እሱ ኳስ አይወድም፤ ማንም ቢያሸንፍ ግድ የለውም። ኳሱን ቡና ሲይዝ ብቻ ቡናን፣ እነሱ ሲይዙ ብቻ እነሱን ቆጠርን። መብራት ባይጠፋ ሙሉውን እንጨርስ ነበር፤ ስድሳኛው ደቂቃ ላይ ሄደብን።

ልዩነቱ እኔ ካልኩት ጠበበ። ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። በእርግጥም ኳሱ እነሱ ጋር በዝቶ ነበር። ግን አልጠፋም። እነሱ ኳስ ሲነኩ አብዛኛውን ጊዜ ስም አለ። እኛ ስንነካ ግማሽ ያህሉን ጊዜ “ቡናዎች” ነው። ጎረቤቴም ያለው ይህንኑ ነው።

---

የድሮ ማይክ፣ ዓለም ባንክ

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ አልጽፍም። ይኼኛው ግን አላስቀመጠኝም።

ለአሥራ አንድ ዓመት ሬዲዮ ላይ ኳስ አስተላልፌያለሁ። የሥራውን ውስጥ ልንገርህና የራስህን ፍርድ ስጥ።

አስተላላፊ “ቡናዎች” ሲል አብዛኛውን ጊዜ “ማን እንደሆነ አላወቅሁትም” እያለ ነው። ዝም ማለት አይችልም፣ መሳሳትም ይፈራል፣ ስለዚህ የክለቡን ስም ይጠራል። እኔም ብዙ ጊዜ ተሸሽጌበታለሁ። አሰላለፉ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው እጅህ የሚገባው። እሱን ካርቶን ላይ በየቦታቸው ትጽፋለህ። ከዚያ ልጆቹ ሲያሟሙቁ ሄደህ ታያለህ፦ ማን እንዴት ይራመዳል፣ ፀጉሩ፣ የጫማው ቀለም። ቁጥር አትመን። ካሜራው ሜዳውን ከሩቅ ሲያሳይ ቁጥር አይነበብም፤ በተለይ ከስቱዲዮ ሆነህ ስክሪን እያየህ የምታስተላልፍ ከሆነ ካሜራው ካሳየህ ውጭ ምንም የለህም። የምንለየው ደግሞ ቀድመን የምናውቀውን ነው። አንድ ክለብ ጋር ሄደህ ልምምድ ካየህ፣ ከልጆቹ ጋር ሻይ ከጠጣህ፣ ጨዋታው ላይ የእነሱ ስም አፍህ ላይ ይመጣል። ይህ ጉቦም ፍቅርም አይደለም። ግን ውጤቱ ከአድልዎ አይለይም፤ እዚያ ላይ አንተ ትክክል ነህ።

ስለዚህ ደብተርህን ክፈትና እነማን ስማቸው እንዳልተጠራ ለየው። ሁሉም ከሆኑ ሰውዬው ክለብህን አይወድም። አዲስ የመጡትና ተቀይረው የገቡት ብቻ ከሆኑ ግን የቤት ሥራውን አልሠራም። ቅሬታህም በዚያው መጠን ይሁን።

የጨዋታ አስተላላፊውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ አባትህ ሳይረሱት አይቀሩም። በ1980 እዚሁ አዲስ አበባ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ስንወስድ አገር ያለቀሰው በእሱ ድምፅ ነው። ለኢትዮጵያ ወግኖ ነበር፤ ማንም አልተቆጣም፣ ሁላችንም አንድ ወገን ነበርን። የሊግ ጨዋታ ላይ ግን ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወገን ተቀምጧል። ይህን ሳይለዩ ያንን ስሜት ብቻ የሚኮርጁ አሉ።

አሁን ወደ አባትህ። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ለማያዩ ደጋፊዎች ተብሎ ሜዳው ላይ ያለውን በቃል የሚስል ልዩ ማስተላለፊያ ነበር፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ። በአማርኛ እስኪመጣ ግን አባትህ አይጠብቁም። ከዚያ በጣም የቀደመ አንድ ዘዴ ልንገርህ። እንግሊዞች በጥር 1927፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፉ (አርሰናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ነበሩ) አድማጩ ሜዳውን እንዴት ያየዋል የሚለው አሳሰባቸው። ሜዳውን ስምንት ቦታ ከፍለው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ሥዕሉን መጽሔት ላይ አተሙት። አንዱ ጨዋታውን ሲናገር ሌላው ከጎኑ ኳሱ ያለበትን ቁጥር ይጠራል። ሰው ቤቱ ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይከታተላል።

አንተም ለአባትህ ቁጥሩን ጥራላቸው። ስሙን አስተላላፊው ባይለውም ኳሱ የት እንዳለ ያውቃሉ።

---

መምህርቷ ከለገጣፎ

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉልን በጣም አመሰግናለሁ። ነገ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

---

ቡናማው ከቱሉ ዲምቱ

ከእሁዱ ጨዋታ በኋላ ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን ለየሁ። ጋሼ እንዳሉት ነው ማለት ይቻላል። ስማቸው ያልተጠራው በአብዛኛው ሦስት ልጆች ናቸው፤ አንዱ አዲስ የመጣ የግራ ተከላካይ፣ ሁለቱ ተቀይረው የገቡ። ሌሎቹን ሰውዬው ይጠራቸዋል። ከእነሱ በኩል ተቀይሮ የገባውን ግን ከነታሪኩ ነው የጠራው። እኔ በዚህ አሁንም አልተስማማሁም። ያንኛውን ልጅ ለማወቅ ጊዜ ካገኘ የኛንም ማወቅ ነበረበት። እኔ አንድ ክፍል ቀብቼ ሌላውን በጀርባው ብተወው ባለቤቱ “ጊዜ አጥቶ ነው” አይለኝም።

ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ክለብ የሚባል ነገር አላነሳሁበትም፤ ስድብም የለበትም። አባቴ እንደማያዩ፣ የትኛው ጨዋታ በስንተኛው ደቂቃ የማን ስም እንደታለፈ በዝርዝር አስቀመጥኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኳስ የነካውን ልጅ ስም፣ ካላወቁትም ቁጥሩን ንገሩን። ገላን ያለው ወንድሜ በውስጥ መስመር አንብቦት ሁለት ቦታ አስተካክሎልኛል፤ በጊዮርጊስ ጨዋታ ላይ የታለፉ ስሞችንም ከራሱ ጨምሮበታል። አብረን ነው የላክነው።

ከዚያ ሰሌዳውን ሠራሁ። የቀለም ባልዲ የሚመጣበትን ወፍራም ካርቶን በሜዳ ልክ ቆረጥኩ። መስመሮቹን ከብርጭቆ ወረቀት በቀጭን በቀጭን ቀድጄ በኮላ ለጠፍኩ፤ በጣት ይታወቃል፣ ሻካራ ነው። ስምንት ቤት ወጣው። ጎሎቹ ላይ የብሎን ራስ አደረግኩ። አባዬ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ዳሰሱት። ጣታቸው መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። “ሚስማር ተራ በየት በኩል ነው?” አሉኝ። አሳየኋቸው። ካርቶኑን አዙረው ያንን ጎን ወደ ሆዳቸው አደረጉት።

እሁድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርጌ እኔ ማስተላለፍ ጀመርኩ። ቁጥር እጠራለሁ፣ ስም እጠራለሁ። ያ የግራ ተከላካይ ኳስ በነካ ቁጥር ስሙን ከነአባቱ ተናገርኩ። “ሦስት ላይ ነን፣ አራት ገባን፣ አሻገረ!” የአባዬ ጣት አብሮኝ ይሮጣል። አንዴ እንዲያውም እኔ ሳልናገር ጣታቸው ቀድሞ አምስት ላይ ደረሰ፤ ኳሱም እዚያው ሄደ። አጨዋወቱን ያውቁታላ።

ድምፄ ተዘጋ። ውሃ የጠጣሁት እረፍት ላይ ነው። አባዬ ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ እንዳደረጉ ዝም ብለው ቆዩ።

“ጥሩ ነው” አሉ። “በጣም ጥሩ ነው። ግን የኔ ልጅ፣ እነዚያ ልጆች ዛሬ ስንት ሆነው ነው የገቡት?”

“አሥራ አንድ ናቸው አባዬ።”

“የአንዳቸውንም ስም አልሰማሁም እኮ።”

አልመለስኩም። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ስልኬን አውጥቼ የእነሱን አሰላለፍ ፈለግኩ፤ ደብተሬ ላይ፣ ከስቱኮው ሒሳብ ሥር፣ አሥራ አንዱንም በየቁጥራቸው ጻፍኩ።